ጎንደርን ያቃጠላት ማን ነው? ስለ ፍርስራሽ፣ ስለ እድሳትና ስለ መታሰቢያ ጽሑፍ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

፩. በግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ጎንደር

በአርሊንግተንና በአካባቢዋ ካሉት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከዐድዋ ሥዕል ወይም ከላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጎን የፋሲል ግንብ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ማየቱ ብዙ ጊዜ አይቀርም። ፎቶግራፉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ የለመለመ፣ ማማዎቹ ፀሐይ ያረፈባቸው ናቸው። ሰው አይታይበትም። ጣራቸው የተናደ፣ ግድግዳቸው የተሸረፈ ሌሎቹ ቤተ መንግሥቶች ከፎቶግራፍ አንሺው ጀርባ ቀርተዋል። ከሥሩ ተቀምጠን ቡናችንን ስንጠጣ «የቀረውስ ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጸሐፊም ለብዙ ዘመን አልጠየቀም። ተማሪ ሳለ የመቅደላን ዕለት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.ን፣ ከገዛ ልደቱ ቀን አብልጦ ያውቅ ነበር። ጎንደር የተቃጠለችበትን ዓመት ግን የነገረው አልነበረም፤ እርሱም ፈልጎ አልጠየቀም። ያወቀው ዘግይቶ፣ በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሌላ ነገር ሲያገላብጥ ነው። ያን ዕለት ያደረበት እፍረት ለዚህ ጽሑፍ አንደኛው ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በ2017 ዓ.ም. በፋሲል ግቢ የተከናወነው ሰፊ የእድሳት ሥራ ነው። ስለዚህ እድሳት በአገር ቤትም በውጭም ብዙ ተብሏል። ክርክሩ በአብዛኛው ያረፈው በኖራና በቀለም ላይ ነበር፦ ግንቡ ነጣ ወይስ አልነጣም፣ ድንጋዩ ተሸፈነ ወይስ አልተሸፈነም። ስለ ኖራ መከራከር ተገቢ ነው፤ ኖራ በጎንደር ቀላል ነገር እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናያለን። ነገር ግን ከኖራው የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ዛሬ የምናድሰውን ማን አፈረሰው? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያድስ ሕዝብ፣ ግንቡን ወደ ግድግዳ ሥዕልነት ይለውጠዋል እንጂ ከተማውን መልሶ አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው።

ጥያቄውን ለማጥራት አስቀድመን ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በፍላንደርስ ምድር የሚኖሩት ፍሌሚሾች ከተሞቻቸው በጦርነት ፈርሰው እንደገና ሲሠሩ፣ እኛ ዛሬ ልንከራከርበት በሚገባን ነገር ላይ ከእኛ ቀድመው ተከራክረዋልና። ግራ እንዳያጋባ፣ የአውሮፓው ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር ይጠቀሳል፤ ከዚህ የወጣው ምልክት ይደረግበታል።

፪. የኢፕር በርና የሉቨን ጽሑፍ

ኢፕር በመካከለኛው ዘመን በሱፍ ጨርቅ ንግድ የበለጸገች የምዕራብ ፍላንደርስ ከተማ ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባሩ ከደጃፏ ስለ ነበረ ከ1914 እስከ 1918 በመድፍ ተደብድባ የድንጋይ ክምር ሆነች። ዝነኛው የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሿ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በኅዳር 1914፣ ተቃጠለ። ሰላም ሲሆን የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል፣ በዚያ ምድር ላለቁት የእንግሊዝ ወታደሮች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ፍርስራሹ እንዳለ እንዲቀመጥ ፈለጉ። ከስደት የሚመለሱት የከተማይቱ ሰዎች ግን በዚህ አልተስማሙም። ለቸርችል መቃብር የሆነው ቦታ ለእነርሱ ቤታቸው ነበር። ስለዚህ በከተማው አርኪቴክት በዩል ኮማንስ መሪነት ኢፕር በቀድሞ መልኳ እንድትሠራ ተደረገ። የአዳራሹ ሥራ ፈጽሞ የተጠናቀቀው በ1967 ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የተሰነዘረው ነቀፌታ የታወቀ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት የተሠራ የአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ሕንፃ፣ ቅጂ እንጂ ቅርስ አይደለም ይላሉ ነቃፊዎቹ። እውነት አላቸው፤ ሆኖም የኢፕር ቅጂ አይዋሽም። የማይዋሽበት ምክንያት ደግሞ ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚገኘው የሜኒን በር ነው። በ1927 በተመረቀው በዚህ በር ግድግዳዎች ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 የሚበልጡ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። ከ1928 ጀምሮ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማይቱ በጀርመኖች እጅ በቆየችበት ጊዜ ካልሆነ በቀር፣ በየዕለቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከበሩ ሥር መለከት ይነፋል። አዳራሹን እንዳልፈረሰ አስመስለው ሠሩት፤ በሩ ግን መፍረሱን በየማታው ይናገራል። የከተማይቱ ጤንነት ሁለቱ አብረው መኖራቸው ነው።

የሉቨን ታሪክ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። የጀርመን ጦር በነሐሴ 1914 ሉቨንን ሲይዝ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት አቃጠለ፤ ወደ 300,000 የሚጠጋ መጽሐፍ አመድ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በአሜሪካ ገንዘብ፣ በአሜሪካዊው አርኪቴክት በዊትኒ ዋረን ፕላን ተሠራ። ገንዘብ ያዋጡት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ስም በድንጋዮቹ ላይ ተቀረጸ። ጠቡ የተነሣው ዋረን በሕንፃው ፊት ለፊት፣ በሰገነቱ ከለላ ላይ፣ በላቲን ሊያስቀርጸው ባሰበው ጽሑፍ ነው። ትርጉሙም «በጀርመን ቁጣ ፈረሰ፤ በአሜሪካ ስጦታ ተሠራ» የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲው አለቃ ጳውሊን ላዴውዝ፣ የትምህርት ቤት በር የጥላቻ ሐውልት ሊሆን አይገባውም ብለው እምቢ አሉ። ብዙ ቤልጂየማውያን ደግሞ ያቃጠለውን መሰወር ለሙታን ክህደት ነው ብለው ተቈጡ። ነገሩ እስከ አደባባይ ሁከትና እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቤተ መጻሕፍቱ ሐምሌ 4 ቀን 1928 ሲመረቅ ያ ጽሑፍ አልነበረበትም። በግንቦት 1940 ጀርመኖች ተመልሰው መጡ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ዳግመኛ ነደደ፤ በዚህ ጊዜ የጠፋው መጽሐፍ ወደ 900,000 ይገመታል።

ከዚህ ክርክር ለእኛ የሚጠቅመው ማን እንደ ረታ ማወቁ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ያቃጠለው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። የተጣሉት ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ብቻ ነው። እኛ ግን ገና ከዚያ አልደረስንም።

፫. ሦስቱ እሳቶች

ጎንደርን ዓፄ ፋሲል በእ.ኤ.አ. 1636 ገደማ መናገሻ አደረጓት። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት እየጨመሩ ስለ ሠሩ፣ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ የግንቦች ከተማ ቆመ። በዙሪያው ደግሞ በሕዝብ አነጋገር «አርባ አራቱ ታቦታት» የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ። ጊዜ በራሱ ማፍረሱን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከግንቡ ብዙው ክፍል ገና ያን ጊዜ ፈርሶ እንደ ነበር ጽፏል። ይሁን እንጂ ጎንደርን ጎንደር ያሰኛት ግንቡ ብቻ አልነበረም። ቅኔ ቤቶቿ፣ ጸሐፍቷ፣ የመጻሕፍት ቤቶቿ፣ የሥዕል ሊቃውንቷ፣ የእስላምና የቤተ እስራኤል መንደሮቿ ነበሩ። ይህ ሁሉ በጊዜ ብዛት አልጠፋም። እሳት አገኘው፤ እሳቱንም የለኮሰው ሰው ነው።

የመጀመሪያው እሳት የዓፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻው ዘመናቸው አገሩ ሁሉ ሲሸፍትባቸው፣ ጎንደር ሸፍቶችን ትደግፋለች ብለው ተቈጧት። ከካህናቱም ጋር ስለ ቤተ ክርስቲያን መሬት ከቀድሞ ጀምሮ ጠብ ነበራቸው። በ1856 ዓ.ም. ገደማ ከተማይቱን ዘረፉ፤ በ1859 ዓ.ም. ዳግመኛ መጥተው ዘረፉና አቃጠሉ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ከእሳት የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትም ተጭነው ሄዱ።

ሁለተኛው እሳት የደርቡሾች ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲው ተከታዮች ሠራዊት በአቡ አንጃ አዝማችነት ዘምቶ፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ጎንደር ገባ። ከመጀመሪያው እሳት የተረፈውንና ከዚያ በኋላ የተጠገነውን አቃጠለ፤ ሕዝቡን ፈጀ፤ ብዙውን በባርነት ነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈችው ንብ ወጥቶ ወራሪውን ስለ ነደፈው ነው የሚለውን ትውፊት የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ዓፄ ዮሐንስ ይህን ደም ሊመልሱ ወርደው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ።

ሦስተኛው እሳት የመጣው ከሰማይ ነው። የኢጣሊያ ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ የአማራ የሚለው አገረ ገዥነቱ ዋና ከተማ አደረጋት። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የኢጣሊያ ምሽግም እርስዋ ሆነች። ጄኔራል ናዚ እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ደብድበዋል፤ የታላቁ ኢያሱ ግንብ በዚህ ድብደባ ከተጎዱት አንዱ ነው። ቦምብ ጣዩ ለአርበኞቻችን የጦር ጓድ የነበረው፣ ነጻነታችንን አብሮ ያመጣው ጦር ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ያቃጠላት የገዛ ንጉሧ ነው፤ ያቃጠላት የውጭ ወራሪ ነው፤ የደበደባት ነጻ አውጪዋ ነው። ፒያሳ የሚባለውን አዲሱን ማዕከሏን የሠራላት ደግሞ ጠላቷ ነው። የሉቨን ሰዎች በአንድ መስመር ላቲን የተጣሉበት ጉዳይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል።

፬. አዳሾቹና አተራረካቸው

ኢጣሊያኖች ጎንደርን የሠሩት ለጎንደሬዎች አልነበረም። የፍሎሬንሱ አርኪቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ያዘጋጀው ፕላን፣ እንደ ሌሎቹ የፋሺስት የከተማ ፕላኖች ሁሉ፣ የኢጣሊያኑንና የአገሬውን ሰው መኖሪያ የሚለይ ነበር። ዛሬ በፒያሳ የሚታዩት ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ኢጣሊያኖች ግንቦቹንም ጠግነዋል፤ የጠገኑት ግን በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ነበር። የጎንደር ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነውና ሲሚንቶው ከአሮጌው ሥራ ጋር የሚስማማ አልሆነም። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በኋላ በተደረጉት ጥገናዎችም ያ የሲሚንቶ ሥራ በኖራ እንዲታረም ተደርጓል። ኖራ በጎንደር ቀላል ነገር አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው፤ የጠጋኙን ማንነት ይመሰክራል።

የድንጋዩ ሥራ ታርሟል። የቃሉ ሥራ ግን አልታረመም። ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚለው ተረት ለምን ያህል ዘመን እንደ ተነገረ እናውቃለን፤ ዓፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያባረሩ ንጉሥ መሆናቸው እየታወቀ፣ ሥራው ለተባረሩት ተሰጠ። ስለ ሠሪው የተነገረውን ሐሰት ሊቃውንቶቻችን ተከራክረው ለማረም ደክመዋል። ስለ አፍራሹ ግን የሚከራከር የለም፤ የአማርኛችን ሰዋስው ራሱ መሸሸጊያ ሰጥቶናልና። «ጎንደር ፈረሰች» እንላለን፤ «ተቃጠለች» እንላለን፤ «መጻሕፍቱ ጠፉ» እንላለን። አድራጊው በግሱ ውስጥ ይሰወራል። ደርቡሾቹ ላይ ስንደርስ ብቻ ግሱ ባለቤት ያገኛል፤ «አቃጠሏት» እንላለን። ጎንደርን የሚያስጎበኝ ሰው የንቦቹን ታሪክ በደስታ ይተርካል፤ ንብ የሚነድፈው ባዕድን ነውና። ስለ 1859 ዓ.ም. ግን የንብ ተረት የለንም።

የዝምታውን ምክንያት ሩቅ መፈለግ አያሻም። በሃያኛው መቶ ዓመት ሥነ ጽሑፋችን ከማንም ንጉሥ ይልቅ የታደሰው ቴዎድሮስ ነው። የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ትውልዳችንን ያሳደጉ ሥራዎች ናቸው። ይህ ጸሐፊ ለእነርሱ ያለው ባለዕዳነት ታላቅ ነው። ከእነርሱ ተምረን በልባችን የቀረው ግን የመቅደላው ሽጉጥ ነው እንጂ የጎንደር ጭስ አይደለም። አንድነትን የሚሻ ትውልድ አንድ አድራጊ ንጉሥ ፈለገ፤ ያገኘውንም እንደ ፋሲል ግንብ ፎቶግራፍ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አየው። የቴዎድሮስን ትልቅነት ለማየት የጎንደርን ቃጠሎ መሸፈን አያስፈልግም ነበር። እንዲያውም አንድ ሰው ያን ያህል የወደዳትን አገር ለማቅናት ሲል እንዴት የአገሪቱን ቤተ መጻሕፍት ያህል ከተማ እስከ ማቃጠል እንደ ደረሰ መጠየቅ፣ ከመቅደላው ሽጉጥ የሚጠልቅ ሰቆቃ ባስገኘ ነበር።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ተረታችን። ጎንደር ላይ ግን ተረቱ ይሰናከላል፤ የወጋውም የተወጋውም እኛው ነንና። ወጊና ተወጊ አንድ ሲሆኑ ማን ያስታውሳል?

፭. የመጻሕፍቱ ጉዳይ

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ከግንቡ ወደ መጻሕፍቱ እንለፍ። ከጎንደር የተወሰዱት መጻሕፍት መቅደላ ደርሰው፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ሊያቋቁሙት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ቤት መሠረት ሆኑ። አምባው በ1860 ዓ.ም. ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመውን ዝርዝር የሚገልጥ ሰው፣ በየኅዳጉ ከሰፈሩት የባለቤትነት ማስታወሻዎች የጎንደርን ደብሮች ስም ያነባል።

እነዚህ መጻሕፍት እንዲመለሱ እኛ በውጭ ያለን ምሁራን ለዓመታት ጠይቀናል፤ መጠየቃችንም ትክክል ነው። በዚህም ላይ ሉቨን ምሳሌ ትሆነናለች። የ1919 የቬርሳይ ውል በ247ኛው አንቀጹ፣ ጀርመን ለሉቨን በቁጥርም በዋጋም የተቃጠሉትን የሚያህሉ መጻሕፍት እንድትሰጥ አስገድዷል። በ1947 የተፈረመው የኢጣሊያ የሰላም ውልም በ37ኛው አንቀጹ፣ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብና የታሪክ ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ደንግጓል። የአክሱም ሐውልት እስኪመለስ ግን 58 ዓመት ፈጀ፤ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም.፣ በቦታው ዳግም የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ለመቅደላ መጻሕፍት እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም።

አንድ ቀን ለንደን እሺ ብትል ግን መጻሕፍቱን ለማን እናስረክባቸዋለን? ለአዲስ አበባ ቤተ መዘክር? ለመቅደላ? ወይስ ስማቸው በኅዳጉ ላይ ለተጻፈው ለጎንደር ደብሮች፣ አንዳንዶቹ ከ1859 ዓ.ም. ወዲህ ዳግም ላልተተከሉት? ከለንደን የምንጠይቀው «የዘረፋችሁትን መልሱ» ብለን ነው። ከዚያ በፊት ስለ ተደረገው ዘረፋ ዝም ካልን፣ ክርክራችን ግማሽ እግሩ የተቆረጠ ይሆናል። የአንድን መጽሐፍ መንገድ ከመካከሉ መጀመር አይቻልም።

፮. ቅጽል የሌለው ጽሑፍ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ላዴውዝ በሉቨን የተናገሩት ነውና። ቁስል መነካካት ጥላቻን ያበዛል። ይልቁንም ዛሬ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የአማራ ክልል በጦርነት ሲታመስ፣ ጎንደር ራሷም በዚያው ወር ተኩስ ሰምታ ሳለ፣ የ1859ን እሳት ማስታወስ ለማን ይበጃል? ቅጥሩ ሲታደስ ከቅጥሩ ውጭ ሰው እየወደቀ፣ ስለ ጽሑፍ መከራከር የሰላም ኑሮ ቅንጦት አይሆንምን?

ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ አለኝ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ሁለት ነገር ግን ማለት ይቻላል። አንደኛ፣ በአገራችን መንግሥትም ሆነ ሸማቂ የገዛ ወገኑን ከተማ ሲመታ፣ አገር ለማቅናት ነው ብሎ ነው የሚመታው። ይህ አነጋገር ያለ ኀፍረት የሚደጋገመው የመጀመሪያው ቃጠሎ በታሪካችን ውስጥ ስሙ ስላልተጠራ ነው። ስሙ ያልተጠራ በደል ምሳሌ ሆኖ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ ጽሑፍ ሁሉ አንድ አይደለም። የሉቨኑን ጽሑፍ ያበላሸው ጀርመንን መጥቀሱ አልነበረም፤ «ቁጣ» የሚለው ቃል ነው። አንድን ድርጊት የአንድ ሕዝብ ጠባይ አደረገው። የሜኒን በር ግን ጠላትን አይሳደብም፤ ስም ይዘረዝራል። ስም ዝርዝር ደግሞ ማንንም ለበቀል አያስነሣም፤ ማንንም ለመርሳትም አይፈቅድለትም።

ስለዚህ የሚሻለው ቅጽል የሌለው ጽሑፍ ነው። በፋሲል ግቢ በር፣ ጎብኚ ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ በአማርኛና በግዕዝ ሦስት ዓመተ ምሕረትና ሦስት ባለቤት ያላቸው ግሶች ይቀረጹ፦ በ1859 የዓፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት አቃጠላት፤ በ1880 የደርቡሽ ሠራዊት አቃጠላት፤ በ1934 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቧት። ከሥሩ የደብሮቹ ስም፣ የተረፉትም ያልተረፉትም፣ በተራ ይጻፍ። «ጀግናው» ወይም «አረመኔው» የሚል ቃል አይጨመር። የቴዎድሮስ ወዳጅም ጠላትም ከዚያ ድንጋይ ፊት ቆሞ የሚያስበውን ያስብ።

ይህ ከመንግሥት በጀት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ሊቃውንቱ በአገር ቤት አሉ፤ የባለቤትነት ማስታወሻዎቹ በለንደን አሉ፤ የደብሮቹን ታሪክ ከአፍ የሚያስተላልፉ አረጋውያን ካህናት ዛሬም አሉ። የመጽሔታችን አንባቢዎች ከእነዚህ ሦስቱ ቢያንስ በአንዱ መሥራት እንችላለን። የደብሮቹንና የመጻሕፍቱን ስም ዝርዝር አጠናቅሮ ማሳተም ድንጋይ ከመቅረጽ ይቀድማል፤ ድንጋዩም ያለ እርሱ የሚቀረጽበት ነገር የለውም።

የኢፕር ሰዎች ከስደት ሲመለሱ ቤታቸውን እንደ ቀድሞው ሊሠሩ የፈለጉት ከጥበብ ማነስ አልነበረም። ስደተኛ አገሩን የሚያስታውሳት ሳትፈርስ እንደ ነበረች ነው። እኛም እንዲሁ ነን፤ ያን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ስለዚህ ነው። ማውረድ አያስፈልግም። ከጎኑ ግን የተናዱትን ግንቦች የሚያሳይ ሌላ ፎቶግራፍ እንስቀል፤ ከሥሩም ሦስቱን ዓመታት እንጻፍ። ልጆቻችን ቡናው እስኪፈላ ድረስ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን፣ «ፈረሰ» ብለን አንለፋቸው። ማን እንዳፈረሰው እንንገራቸው።

አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ